ዜሮ ያሳለፈ ትምህርት ቤት፦ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለውጥ ከርዕሰ መምህሩ ወንበር ሲታይ

ጥር 2015 ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የተለቀቀ ሰሞን። በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ እሳቸው፣ እኔ እና የሪከርድ ክፍሏ ሠራተኛ። እሷ ከዝርዝሩ ላይ የመለያ ቁጥር ታነባለች። እኔ ስልኬ ላይ ቴሌግራም ቦቱ ውስጥ አስገባለሁ። ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ከስሙ ጎን ውጤቱን ይጽፋሉ። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይመጣል። አንዳንዱን ቁጥር አራት አምስት ጊዜ እንሞክራለን።

መጀመሪያ ላይ ጎበዞቹን እየመረጥን ነበር የምናየው። ጎበዞቹ አለቁ። ከዚያ በኋላ ከቁጥር በቀር የተናገረ የለም። ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ጋሼ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙት። ሂሳብ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ የቀረውን ሳያዩ አውቀውታል። እኛ ግን እስከ መጨረሻው ስም ሄድን።

ግማሽ ያመጣ አንድም ልጅ የለም።

የ2014ቱን ፈተና፣ የተሰጠው ግን በ2015 መጀመሪያ ነው፣ የወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ነበሩ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909። ይህ 3.3 በመቶ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,161 ሆኑ። የእኛው ከነዚህ አንዱ ነው።

ስለዚህ ፈተና ብዙ ተብሏል። ሚኒስትሩ ተናገሩ፣ ወላጅ ተናገረ፣ ፌስቡክ ላይ ያልተናገረ የለም። ርዕሰ መምህሩ ግን ድምፁ ብዙም አልተሰማም። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ሐሳቡን የሚያቀርበው በሪፖርት ነው፤ ሪፖርት ደግሞ የሚጻፈው ሰብሳቢው መስማት በሚፈልገው ቋንቋ ነው። ከሪፖርቱ ውጪ፣ ሻይ ቤት ቁጭ ሲባል የሚነገረው ሌላ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ከአንድ ትምህርት ቤት ተነስቶ ለማስቀመጥ የሚሞክር ነው። የትምህርት ቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። አብሬያቸው የሠራሁ ሰዎች ናቸው።

ከለውጡ በፊት

ጋሼ ለውጡን፣ ፈተናው ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠቱን፣ ይደግፉ ነበር። ከዚህ ካልጀመርኩ የቀረው ሁሉ ማማረር ይመስላል።

የሚደግፉት የድሮውን ስለሚያውቁት ነው። ድሮ ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ነበር የሚሰጠው። ርዕሰ መምህሩ የጣቢያው አስተናጋጅ ነው። ክፍል ያዘጋጃል፣ ወንበር ያስቆጥራል፣ ፈታኞች ያድራሉ ይበላሉ ብሎ ይሯሯጣል። ከዚህ በላይ ያለውን ሥራ ግን ማንም በጽሑፍ አይሰጠውም። የከተማው ሰው በሙሉ ልጁ እንዲያልፍ ይፈልጋል። የአስተዳደሩ ሰዎች ደግሞ ወረዳው ከጎረቤት ወረዳ እንዳያንስ ይፈልጋሉ። ርዕሰ መምህሩ አጥሩን ጠበቅ ቢያደርግ የሕዝብ ጠላት ነው። ላላ ቢያደርግ ማንም አይጠይቀውም፤ እንዲያውም በዓመቱ መጨረሻ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

እኔም ፈታኝ ሆኜ ሌላ ከተማ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት አንድ ተማሪ ወረቀቱን ሲቀበለኝ ፈገግ ብሎ፣ የት እንዳረፍኩ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ሌላ ምንም አላለም። ከሰዓት በኋላ የክፍሉ ጥግ ላይ ሹክሹክታ ሲጀመር በመስኮት ወደ ውጪ ሳይ እንደነበር አልክድም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

በ2008 የእንግሊዝኛ ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ እንደገና በሐምሌ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ፈተና ሲደርስ ኢንተርኔት መዝጋት ተለመደ። መንግሥት አገር ምድሩን ከኔትወርክ አቆራርጦ ፈተና ይሰጥ ነበር፤ ኩረጃው ግን ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በአጥር በኩል ይገባል። በሽንት ቤት በኩል ይገባል። አንዳንዴም ክራባት አስሮ በበር ይገባል።

ስለዚህ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ በ2014 መጀመሪያ ትምህርት ሚኒስትር ሆነው መጥተው፣ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ መምህራን ይሰጣል ሲባል፣ በየትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ቢሮ ውስጥ የእፎይታ ትንፋሽ ነበር። ሚኒስትሩ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪ መሆናቸውን አንስቶ የሚጠራጠር አልጠፋም። ግን አጥር ከመጠበቅ የተገላገለ ሰው ስለ ፓርቲ ብዙ አይጨነቅም።

አውቶቡሱ የሄደ ቀን

ጥቅምት 2015፣ ልጆቹ ወደተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱበት ቀን፣ ገና ጎህ ሳይቀድ ግቢው በሰው ተሞላ። እናቶች ብርድ ልብስ ጠቅልለው ይዘዋል። ቆሎ በፌስታል፣ ዳቦ በጨርቅ። ስልክ አይፈቀድም ተብሏልና ልጆቹ ስልካቸውን ለወንድምና ለእህት እያስረከቡ ነው። አብዛኞቹ ከወረዳው ወጥተው አያውቁም። አንዲት እናት የአውቶቡሱን መስኮት ይዘው ልጃቸውን እያዩ አላንቀሳቅስ አሉ። ሹፌሩ በትዕግሥት ጠበቀ። ጋሼ መጥተው፣ "እማማ፣ ለፈተና እኮ ነው፤ ጦር ሜዳ አይደለም" አሏቸው። ሴትየዋ ዞረው አዩአቸውና፣ "ለእኔ ምን ለየው ልጄ" አሉ። ጋሼ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ልጄ ሲባሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አውቶቡሶቹ ሄዱ። ግቢው ጭር አለ። ጋሼ በፈተና ሳምንት ሥራ ፈትተው ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ቢሮ ገብተው የቆየ ፋይል ሲያገላብጡ ዋሉ።

ፈተናው በሁለት ዙር ተሰጠ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ቀድሞ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ተከትሎ። በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ፈተና አንፈተንም ብለው ወጡ። ረብሻም ነበር። እኛ ልጆቻችን በሰላም ተመልሰው እስኪመጡ ሌላ ነገር አላሰብንም። ሲመለሱ ግማሾቹ ስለ ጥያቄው ሳይሆን ስለ ካፌው ምግብና ስለ ሕንፃው ነበር የሚያወሩት።

ልጆቹ ከየት መጡ?

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ጋሼ አንድ ነገር አደረጉ። ነጭ ወረቀት አወጡና የዚያን ዓመት ተፈታኝ የትምህርት ዕድሜ ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ለሰብሳቢ አልነበረም። ለራሳቸው ነው። ወረቀቱን ያሳዩኝ ሳምንት ቆይተው ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ለውጥ ሲወራ እኔ የማስበው ያንን ወረቀት ነው።

ሳይደግም የመጣ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ነው። እሱ ሊገባ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በ2002 መጨረሻ፣ በተለያዩ ክልሎች በየአፍ መፍቻ ቋንቋው የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነሱ በተቀመጡበት ወንበር ላይ ነው በዓመቱ የእኛ ልጆች የተቀመጡት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ደግሞ በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት ነጻ ዝውውር ነው። አነበበም አላነበበም ያልፋል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ትንሽ ልጅ በመውደቅ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው። ከነጻ ዝውውሩ ጋር ግን መምህሩ የደከመውን ልጅ ተከታትሎ ይደግፋል ይላል ወረቀቱ። ክፍል ውስጥ ሰባ ሰማንያ ልጅ ያለው መምህር ማንን ተከታትሎ ማንን ይደግፋል?

ከዚያ 10ኛ ክፍል ደረሱ። 2012 ነው። በመጋቢት ኮሮና ገባና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እስከ ቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ድረስ ክፍል የለም። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ይሰጣል ተባለ፤ የእኛ ልጆች አብዛኞቹ ከብት ሲጠብቁ ከረሙ።

በዚያው በ2012 ሌላም ነገር ሆነ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀረ። ይህን ነጥብ ጋሼ በቀዩ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ማትሪክ አለ። ያለፈው መሰናዶ ይገባል፤ ያላለፈው ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል፣ ወይ ሥራ ይጀምራል። 12ኛ ክፍል የሚፈተነው አንድ ጊዜ የተጣራ ልጅ ነበር። የ2014ቱ ተፈታኞች ግን ያለ ማትሪክ 11ኛ ክፍል የገቡ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ናቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። አንዱ ለውጥ 10ኛ ክፍል ላይ ያለውን ወንፊት አነሳ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ሌላው ለውጥ 12ኛ ክፍል ላይ ጠበብ ያለ ወንፊት አመጣ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው። አንድ ላይ ግን በእነዚያው ልጆች ላይ ነው ያረፉት። ለመንግሥት ሁለት ለውጥ ነው። ለርዕሰ መምህሩ አንድ ክፍል ልጅ ነው።

በመሃል 2013 አለ፤ ዘግይቶ የጀመረ፣ በፈረቃ የተማሩበት ዓመት። በጥቅምቱ ደግሞ በሰሜን ጦርነቱ ጀመረ። በትግራይ ትምህርት ቤት ለዓመታት ተዘጋ። ጦርነቱ በደረሰባቸው የአማራና የአፋር አካባቢዎችም ዴስክና ጥቁር ሰሌዳ ሳይቀር ወደመ። እኛ ጋ ጥይት አልደረሰም። ግን ሁለት መምህሮቻችን ሄደው አልተመለሱም፤ በአንደኛው ቦታ የፊዚክስ መምህር እስኪመጣ ከመንፈቅ በላይ ጠብቀናል።

ይሄ ሁሉ ተደምሮ ከወረቀቱ ግርጌ ላይ ጋሼ አንድ ቁጥር ጻፉ። 3.3። ከጎኑ ጥያቄ ምልክት አደረጉበት። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ከነዚህ ልጆች መካከል ሠላሳ ሺህ ገደማ ማለፋቸው ይገርማል አሉኝ። ወረደ ሳይሆን፣ እንዴት ይህን ያህል ሆነ።

ስብሰባው

ወረዳው ሁሉንም የትምህርት አመራር አዳራሽ ጠራ። ርዕሳነ መምህራን፣ ሱፐርቫይዘሮች፣ ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት)፣ የቀበሌ ሰዎች ሳይቀሩ። ዜሮ ያሳለፉት ትምህርት ቤቶች ስም በፕሮጀክተር ወጣ። ማን እንዳቀናበረው አላውቅም፤ ስሞቹ ቀይ ነበሩ። ቡና ሳይጠጣ ጥያቄው መጣ፦ የአመራር ክፍተቱ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ የርዕሰ መምህሩን ወንበር ውስጡን ላሳያችሁ። መምህር የሚመድብለት ሌላ ነው። የማይሠራ መምህር ቢኖር ማሰናበት አይችልም፤ ማስጠንቀቂያ ጽፎ ወደ ላይ ይልካል። በጀቱ ወረዳ ነው ያለው፤ ጠመኔ ሲያልቅ የሚገዛው በውስጥ ገቢና በትምህርት ቤት ድጎማ ነው፤ ድጎማው ደግሞ ሴሚስተሩ ሲያልቅ የሚደርስበት ጊዜ አለ። መጽሐፍ አያሳትምም። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የሁለተኛ ደረጃው መጽሐፍ መጀመሪያ የደረሰን በሶፍት ኮፒ ነው። ስልክ የሌለው ልጅ በፒዲኤፍ ይማር ተባለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት በዚያ ዓመት አዲስ ማሽን ገዛ፤ ከለውጡ መጀመሪያ የተጠቀመ ሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

የሚመጣለትን ተማሪም አይመርጥም። ይሄ ትልቁ ነው። ጥሩ ውጤት አመጡ ተብለው የሚሞገሱት አብዛኛውን ጊዜ ልዩና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እነሱ በመግቢያ ፈተና መርጠው ይቀበላሉ። ከማን መርጠው? ከእኛ። ከየወረዳው 8ኛ ክፍል ላይ ጎበዝ የተባሉትን ለቅመው ይወስዳሉ። ልጆቹ ያን ዕድል ማግኘታቸው ደስ ይላል፤ የእኔም የአጎቴ ልጅ አንዱ ነው። ግን ክሬሙን ወስዶ ወተቱን ለምን ቀጠነ ብሎ በፕሮጀክተር ማሳየት ሌላ ነገር ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ አልተናገሩም። ተራ ሲደርሳቸው ተነስተው ክፍተቱን እንደሚቀበሉ፣ የማጠናከሪያ ትምህርት እንደሚያጠናክሩ፣ ዕቅድ አዘጋጅተው እንደሚያቀርቡ ተናግረው ተቀመጡ። ሌሎቹም እንደዚያው። ስብሰባው አጭር ሆነ። እየወጣን ሳለ፣ "ምን ልበል? የሚሰማኝ ሰውም እንደኔው ነው፤ እሱንም ነገ ዞኑ ይጠራዋል" አሉኝ። ከዚህ በኋላ በሰብሳቢው አልተናደድኩም።

የቆዩ ርዕሳነ መምህራን ለውጥ ሲባል ለምን ቶሎ እንደማይሞቃቸውም ያኔ ገባኝ። በ1997 ገደማ የፕላዝማ ትምህርት መጣ፤ መምህሩ ቲቪ ከፋች ሆነ። በእኛ ትምህርት ቤት የፕላዝማው ብረት ሳጥኖች አሁንም አሉ፤ የስፖርት ክፍሉ ኳስ ያስቀምጥባቸዋል። የጥራት ማረጋገጫ ፓኬጅ መጣ። 1 ለ 5 የሚባለው የቡድን አደረጃጀት መጣ። ኢንስፔክሽን መጣ፤ ትምህርት ቤቶችን ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመድባል፤ 4 የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። "ትምህርት ለትውልድ" መጣና ሕዝቡ ለትምህርት ቤት ዕድሳት አዋጣ። ይሄኛው እውነቱን ለመናገር እኛ ጋ ሁለት ክፍል ጣራ አስቀይሯል። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱን ፎርም ይዞ ይመጣል። ሲሄድ ፎርሙን ይተወዋል። የጋሼ ቁም ሳጥን ከላይ እስከ ታች የሄዱ ለውጦች ፎርም ነው።

ሁሉም እንደ ጋሼ አያስብም

በተለያየ ጊዜ ያወራኋቸው ርዕሳነ መምህራን አንድ ልብ አይደሉም። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ትምህርት ቤት የምትመራ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ለውጡ አምስት ዓመት ዘግይቷል ባይ ናት። እሷ ጋ ወላጁ ይከፍላል፣ መምህሩን ትቀጥራለች፣ ታባርራለች። ኩረጃው በነበረበት ጊዜ እሷ ያስተማረቻቸው ልጆች ምንም ካልተማሩ ልጆች ጋር እኩል ነጥብ ያመጡ ነበር። ለእሷ ፈተናው ፍትሕ ነው። እውነቷን ነው።

በሌላ ዞን ያለ ወጣት ርዕሰ መምህር ደግሞ የባሰ ነገር ነገረኝ። ከዜሮው በኋላ የማጠናከሪያ ትምህርቱን ለሃያ ልጆች ብቻ አደረገው። የማለፍ ተስፋ ያላቸውን መረጠ፤ ጎበዝ መምህሮቹን በሙሉ ለእነሱ ሰጠ። ሌሎቹን አራት መቶ ልጆች ዘነጋቸው። እሱ ዘነጋኋቸው አላለም፤ ቅድሚያ ሰጠሁ ነው ያለው። ዓይኔን ሳያይ ነው የነገረኝ። አልፈረድኩበትም። ከሃያዎቹ አንድ ቢያልፍለት ስሙ ከቀዩ ዝርዝር ይወጣል። አራት መቶዎቹ በአማካይ አምስት ነጥብ ቢጨምሩ ግን ማንም አያይለትም። ለውጡ የሚቆጥረው ያለፈን ነው፤ ያደገን አይቆጥርም። እኔ ለውጡን የምነቅፈው ቢኖር እዚህ ላይ ነው። ጋሼም አንድ ጊዜ ለወረዳው ይህንኑ ጽፈው ነበር፤ የትምህርት ቤቱ አማካይ ውጤት ከዓመት ዓመት ይታይልን ብለው። መልስ አልመጣም።

ሬሜዲያሉም አለ። ግማሽ ካላመጡት መካከል የተሻሉት፣ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት ወስደው እንደገና እንዲፈተኑ ተደረገ። በጎ ነገር ነው። ወላጅ ግን ግራ ገባው። ከእኛም ጥቂት ልጆች ተጠሩ። በማግሥቱ አንድ አባት መጥተው፣ ልጄ ወደቀ ብላችሁኝ ዩኒቨርሲቲ የገባው እንዴት ነው ብለው ጋሼን ሊደበድቡ ደረሱ። አለፈ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት አንድ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ሰውየው በቅሎ ፈረስ ነው ወይስ አህያ እያላችሁ ነው ብለው ሄዱ።

ቁጥሩ ከፍ አለ

ቀጣዮቹን ዓመታት ባጭሩ ላስቀምጥ። በ2015 የተፈተኑት 845,099፤ ያለፉት 27,267፤ 3.2 በመቶ። ዜሮ ያሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328። በ2016 የተፈተኑት 674,823፤ ያለፉት 36,409፤ 5.4 በመቶ። ዜሮ ያሳለፉት 1,363። በ2017 የተፈተኑት 585,882፤ ያለፉት 48,929፤ 8.4 በመቶ።

ከ3.3 ወደ 8.4። ሁለት እጥፍ ተኩል ነው፤ ዜናውም እንደዚያ ተዘገበ። አንድ ርዕሰ መምህር ግን ዓይኑ መጀመሪያ የሚሄደው ያለፈው ላይ አይደለም፤ የተፈተነው ላይ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ የተፈታኙ ቁጥር ከ310 ሺህ በላይ ቀነሰ። ሲሶው ማለት ነው። ያለፉት ልጆች በራስ ቁጥር የጨመሩት በስድሳ ከመቶ ገደማ ነው። ይሄ ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ማንም አይክደውም። የቀረው የመቶኛው ዕድገት ግን የመጣው አካፋዩ ስላነሰ ነው።

እነዚያ ልጆች የት ሄዱ? ከፊሉን ጦርነቱ ወሰደው። በአማራ ክልል ግጭቱ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በጣም ብዙ ትምህርት ቤት ዘግቷል። እሱ ብቻ ግን አይደለም። እኛ ከተማ ጥይት ሳይተኮስ የ12ኛ ክፍል ሴክሽን ቀንሷል። 11ኛ ክፍል ጨርሶ፣ "ለመውደቅ አንድ ዓመት ከማቃጥል" ብሎ ባጃጅ የያዘ ልጅ አውቃለሁ። ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ያወጡ ልጃገረዶችን መልቀቂያ ፈርሜ ሰጥቻለሁ። አንዷን ቆይታ እንድትፈተን ለመንኳት። እህቷ ያለፈው ዓመት ተፈትና ያመጣችውን ነጥብ ነገረችኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በ2016 የሆነውን ደግሞ ልብ በሉልኝ። ያለፉት ልጆች ዘጠኝ ሺህ ገደማ ጨመሩ። ዜሮ ያሳለፉት ትምህርት ቤቶች ግን አልቀነሱም፤ እንዲያውም በ35 ጨመሩ። ጭማሪው ወዴት እንደሄደ ለማወቅ የሂሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። በአብዛኛው ቀድሞም ወደሚያሳልፉት ነው የሄደው።

ጋሼ ደወሉ

እኔ መስከረም 2016 ላይ ሥራውን ለቀቅኩ። ምክንያቱ ደመወዝ ነው፤ ሌላ ክብር ያለው ምክንያት ልፈልግለት አልችልም። ጋሼ እዚያው ናቸው። በክረምት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት አመራሮች የሚሰጠውን ሥልጠና ወስደዋል። ጥሩ ነው አሉኝ፤ በተለይ የማታው ጨዋታ። ከየቦታው የመጡ ዜሮ ያሳለፉ ዳይሬክተሮች አንድ ዶርም ውስጥ አድረው እንደነበርና ለክፍሉ ስም እንዳወጡለት ነገሩኝ። ስሙን እዚህ መጻፍ አይቻልም።

ጳጉሜ 2016 ውጤት በወጣ ማግሥት ማታ ስልኬ ጮኸ።

"አንድ" አሉኝ። ሰላምታም የለም።

"አንድ ምን ጋሼ?"

"አንድ አለፈች።"

እልል ልል አፌን ስከፍት አስቆሙኝ። ልጅቷ የእኛ አይደለችም አሉ። ቤተሰቦቿ በግጭት ምክንያት ከትልቅ ከተማ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤታችን የገባችው 12ኛ ክፍል መንፈቅ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የተማረችው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ ባለው ትምህርት ቤት ነው። እኛ ጋ አራት ወር ቁጭ ብላ ነው የተፈተነችው።

"ሪፖርቱ ላይ ምን ልጻፍ?" አሉኝ።

"አንድ ነዋ ጋሼ። በእናንተ ስም ነው የተፈተነችው።"

ትንሽ ዝም አሉ። ከጀርባ የሪከርድ ክፍሏ ልጅ ድምፅ ይሰማል፤ ሻይ ይፍላ አይፍላ እያለች ትጠይቃለች።

"ጽፌዋለሁ" አሉ ጋሼ። "ወረዳው ቀድሞ ደውሎ ነበር። ምርጥ ተሞክሮውን ጽፈህ ላክ ተብያለሁ።"